ከላይህ ድንጋይ ሲሆን፦ ስለ ባህር ዋሻ ጠለቃ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ኔሬዮ ዋሻ ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኔሬዮ በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት፣ አልጌሮ ከተማ አጠገብ፣ ካፖ ካቻ በሚባለው ገደል ስር ይገኛል። በሜዲትራኒያን ካሉት ትልልቅ የባህር ዋሻዎች አንዱ ነው። አፉም ሆዱም ውሃ ውስጥ ነው።

የነገርኳችሁ ባትሪዬን ወደ ጣሪያው ሳበራ ያየሁትን ነበር። ባትሪው ከመብራቱ በፊት ጣሪያው ጥቁር ነው። ሲበራ ደም መሰለ። ቀይ ኮራል ነው፤ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የሚያወጣ የባህር እንስሳ። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ በየቅርንጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ አበቦች ተዘርግተዋል። አበባ የመሰሉኝ የኮራሉ አፎች ናቸው፤ ውሃው ያመጣላቸውን ይለቅማሉ። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ስለሚውጥ ያለ ባትሪ ያ ቀለም አይታይም።

ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ ስድስቱን ልመልስ።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ «ጋሼ፣ ዋሻ ውስጥ እያላችሁ ኦክስጅኑ ቢያልቅስ? አንድ ሲሊንደር ስንት ሰዓት ያቆያል?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ጀርባችን ላይ የምናዝለው ኦክስጅን አይደለም። አንተ ገርጂ ቁጭ ብለህ የምትስበው ተራ አየር ነው፤ ተጨምቆ ተሞልቶ ነው እንጂ። ከመቶ 21 እጁ ብቻ ኦክስጅን ነው። ንጹህ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሲተነፍሱት ይመርዛል። ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ ሊገድልም ይችላል።

ስንት ሰዓት ያቆያል ላልከው፣ መልሱ እንደ ጥልቀቱ ነው። የተለመደው ሲሊንደር 12 ሊትር ነው። እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ያለ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። መሬት ላይ 2 ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ የመሬቱ አራት እጥፍ ስለሆነ አየሩም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። 2 ሰዓት የነበረው ግማሽ ሰዓት ሆነ። የፈራ ሰው ደግሞ እንደ ሯጭ ነው የሚተነፍሰው፤ ግማሽ ሰዓቱም አይደርስለትም።

ለዚህ ነው ዋሻ ውስጥ የሦስተኛ ሕግ የሚባለው ያለው። አንድ ሦስተኛው ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛው ለመውጫ። የቀረውን ሦስተኛ አትነካውም። እሱ የአንተ አይደለም፣ የጓደኛህ ነው። የመጨረሻው ጥግ ላይ እያላችሁ የሱ አየር ቢቋረጥ፣ ሁለታችሁም ከአንተ ሲሊንደር እየተነፈሳችሁ መውጣት አለባችሁ። ስለዚህ በ200 ባር ከገባህ፣ የቀረህን አየር የሚያሳየው ጌጅ ወደ 135 ሲጠጋ ትዞራለህ። ኮራሉ ምንም ቢያምር፣ መጨረሻው 5 ሜትር ብቻ ቢቀረው ትዞራለህ።

ከእስራኤል፣ ነታንያ፦ «ኤይላት ተምሬ የመጀመሪያውን የጠላቂነት ካርድ አግኝቻለሁ። 11 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ማልታ፣ ጎዞ ደሴት ልንሄድ ነው። እዚያ ያለው ዋሻ አጭር ስለሆነ ልዩ ሥልጠና አይፈልግም አሉኝ። ልግባ?»

ወንድሜ፣ የትኛው ዋሻ እንደሆነ አልነገርከኝም። ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ጎዞ ላይ ድዌይራ በሚባል ቦታ የሚገኘው የ«ውስጥ ባህር» መተላለፊያ ከሆነ፣ ወደ 80 ሜትር የሚረዝም ከአለት የተሰነጠቀ መንገድ ነው። ሰፊ ነው፤ ከላይህ ጀልባ ያልፋል፤ ከዚያኛው ጫፍ የባህሩ ሰማያዊ ብርሃን ይታይሃል። ከጥሩ አስጎብኚ ጋር ብዙ ሰው ያልፈዋል። ግን ወደ ባህሩ ስትጠጋ ወለሉ ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያንተ ካርድ የሚፈቅደው 18 ነው። ወለሉን ተከትለህ አትውረድ። ወደ ላይም አትንሳፈፍ፣ የጀልባ ሞተር አለ። ከግድግዳው ጎን በመካከለኛ ጥልቀት ሂድ። (ወጥተህ ስታይ የድሮው «ሰማያዊ መስኮት» የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ያ ታዋቂ ቅስት በማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሷል። ድንጋዩ አሁን ውሃ ውስጥ ተከምሯል፤ ጠላቂዎች እዚያም ይወርዳሉ።)

ሌላ ዋሻ ከሆነ ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ከመግቢያው እስከ መዞሪያው ድረስ የመውጫው ብርሃን ይታየኛል ወይ? መልሱ «አይ፣ ትንሽ ይጨልማል» ከሆነ አትግባ። «አጭር ነው» የሚለው ቃል አያታልልህ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ክፍት ባህር ላይ ችግር ቢመጣ መውጫህ ከላይህ ነው። ዋሻ ውስጥ ከላይህ ድንጋይ ነው። የመጣህበትን መንገድ በሙሉ ተመልሰህ ነው አየር የምታገኘው። ወለሉ ላይ ደግሞ ለብዙ ዘመን የረጋ ደለል አለ። እንደ በሶ የላመ ነው። አንድ ጊዜ በእግርህ ብትመታው ውሃው ሽሮ ይሆናል። ባትሪህን አፍንጫህ ስር ብታደርገው የሚታይህ ጭጋግ ብቻ ነው። ያኔ የሚያወጣህ ገመድ ነው፤ ከብርሃኑ ጀምሮ እስካለህበት ያልተቋረጠ ገመድ።

እኔ ስማር አሰልጣኜ ማስኬን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን እንደ ቀለበት ገጥሜ፣ ገመዱን በመሃላቸው እያሳለፍኩ 20 ሜትር ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ያውም መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ገመድ የሌለበት ጨለማ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

በጁን 2012 በደቡብ ጣሊያን፣ ፓሊኑሮ፣ አንድ ቡድን ባህር ዋሻ ውስጥ ገባ። ደለሉ ተነስቶ ውሃው ደፈረሰ፤ መውጫው ጠፋ። 4 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ አስጎብኚያቸው ነበር። እባክህ ይህችን ልብ በላት፤ አስጎብኚው ቦታውን ማወቁ ብቻ አያድንም።

በኤፕሪል 2017 ደግሞ የስፔኗ ማዮርካ ደሴት ላይ ሺስኮ ግራሲያ የሚባል የጂኦሎጂ መምህር ከጓደኛው ጋር ሳ ፒኬታ ዋሻ ገባ። ይህ አፉ ባህር ላይ ያለ ዋሻ አይደለም፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ብዙ ልምድ ነበራቸው። ገመዳቸው ጠፋ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ አየራቸው ለሁለት አይበቃም። ሺስኮ ጣሪያው ስር አየር የታቆረበት ክፍል ውስጥ ቀረ፤ ጓደኛው የተረፈውን አየር ይዞ እርዳታ ሊጠራ ወጣ። ሺስኮ ከመውጫው ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በጨለማ፣ 60 ሰዓት ቆየ። ከላይ የተንሳፈፈውን ጨው ያልበዛበትን ውሃ እየጠጣ ነው የቆየው። የክፍሉ አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተመረዘ ራስ ምታትና ቅዠት ያዘው። በመጨረሻ ነፍስ አድን ጠላቂዎች አወጡት።

ሺስኮና ጓደኛው የሠለጠኑ ነበሩ። አንተ 11 ጊዜ ነው የጠለቅኸው። ብርሃን ያለበትን ግባ፣ ተደሰትበት። የጨለመውን ተወው፤ ጓደኞችህ ቢቀየሙህም ይቀየሙህ።

ከዱባይ፦ «ሻርክ አያስፈራችሁም?»

አያስፈራም። በሜዲትራኒያን ዋሻ ጠላቂን የሚገድለው ደለልና ያለቀ አየር ነው። እኔ የምሳቀቀው በኛ ጉዳት ለሚደርስበት እንስሳ ነው። «የሜዲትራኒያን መነኩሴ ሲል» (monk seal) የሚባል ውሃ ውስጥ የሚኖር አጥቢ አለ። በዓለም ላይ ከሺህ በታች እንደቀረ ይገመታል። ድሮ አሸዋ ዳርቻ ላይ ይወልድ ነበር። ሰው ሲያሳድደው ዋሻ ውስጥ ገባ፤ አሁን ግልገሉን የሚያሳድገው እዚያ ነው። የሱ ዋሻ እንደሆነ ከተነገራችሁ ውጭ ቆዩ። የምናስወጣው የአየር አረፋ እንኳ ጣሪያው ላይ ሲከማች ስፖንጅ የሚባለውን የባህር እንስሳና ኮራሉን ያደርቃል። ከአንድ ቦታ ስር ብዙ አትቁሙ።

ከማርሴይ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ «ልጆቼ ትምህርት ቤት ስለ ኮስኬ ዋሻ ተማሩ። እዚያ መጥለቅ ይቻላል?»

አይቻልም፣ እህቴ። ግን ልጆችሽ በእግራቸው ሄደው የሚያዩት ነገር አለ።

አንሪ ኮስኬ የሚባል የካሲ ከተማ ጠላቂ፣ እናንተ ካላችሁበት ብዙም በማይርቀው፣ ካላንክ በሚባለው ገደላማ የባህር ዳርቻ፣ 37 ሜትር ውሃ ስር አንዲት ቀዳዳ አገኘ። ከዚያ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠባብ ዋሻ ወደ ላይ ይወጣል። መጨረሻው ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር የሆነ አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያ ደረሰ። ግድግዳው ላይ ፈረስ፣ ጎሽ፣ ሲል፣ ዛሬ ከምድር የጠፋ ፔንግዊን የሚመስል ወፍ ተስሏል። የሰው እጅም አለ፤ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ቀለም የረጨበት። አንዳንዱ እጅ ጣቶቹ አጭር ናቸው። ሥዕሎቹ በሁለት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ የቆዩት ወደ 27,000 ዓመት፣ የቅርቦቹ ወደ 19,000 ዓመት ይሆናቸዋል።

ሰዎቹ ዋኝተው አይደለም የገቡት። ያኔ ዓለም በበረዶ ዘመን ላይ ስለነበረች ባህሩ ከዛሬው ወደ 120 ሜትር ዝቅ ያለ ነበር። የዋሻው አፍ ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ባህሩ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ርቆ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው መጣ፤ ከዋሻው አብዛኛውን ክፍል ዋጠው። የፈረሶቹን ሥዕል ፎቶ ስታዪ ከታች ያለው ውሃ የደረሰበት ቦታ ታጥቧል። እኔን ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው። ባህሩ ዛሬም እየጨመረ ነው።

ኮስኬ ግኝቱን በይፋ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ 3 ጠላቂዎች ያቺ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ጠፍተው ሞቱ። መግቢያው ተዘጋ። አሁን የሚገቡት የተፈቀደላቸው ተመራማሪዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን እዚያው ማርሴይ፣ ከሙሴም ሙዚየም ጎን፣ የዋሻው ቅጂ ተከፍቷል። በትንሽ ተሽከርካሪ ተቀምጣችሁ ሥዕሎቹን እያያችሁ ትዞራላችሁ። ቅጂ ነው ብለሽ አትናቂው። ልጆቹ የራሳቸውን እጅ ወደዚያ እጅ አቅጣጫ ሲዘረጉ ታያለሽ።

ከሮም፦ «ሰርዲኒያ አንድ ሳምንት ጠልቄ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ችግር አለው?»

አለው፤ እንዲያውም ለኛ ሰው ከሌላው ይበልጣል።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አስቢ። ክዳኑ ሲዘጋ አረፋ አይታይም። በአንድ ጊዜ ስትከፍቺው ይገነፍላል። ስንጠልቅም የምንስበው ናይትሮጅን ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ይደነዝዛል፣ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ቀን የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ የሚባለው፤ ብዙ አሰልጣኞች 24 ይላሉ።

አሁን የኛን አገር አስቢ። ካይሮ የሚወርድ ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ግን ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ገና አውሮፕላን ውስጥ እንዳለሽ ቁጠሪው። በማግስቱ ዘመድ እንጦጦ ይዞሽ ቢወጣ ደግሞ ከ3,000 ሜትር አለፍሽ። እኔ ወደ አዲስ ስመጣ 48 ሰዓት እጠብቃለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን ለገበያና ለከተማው ተያቸው። ከደረስሽ በኋላ ትከሻ ወይም ጉልበት ቢያምሽ፣ ቢደነዝዝሽ፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብለሽ አትተኚ። ሐኪም ቤት ሂጂና ገና ከበሩ «ጠልቄ ነበር» በይ። ኦክስጅን ቶሎ መጀመር ብዙ ያድናል።

ከባህር ዳር፣ አንድ አባት፦ «ዋና አልችልም። ልጄ ጣሊያን ልትወስደኝ ነው። የባህር ዋሻ ሳላይ ልመለስ?»

ኧረ አይመለሱም! እዚያው ካፖ ካቻ፣ እኔ ከጠለቅኩበት ገደል ላይ፣ የኔፕቱን ዋሻ አለ። ደረቅ መንገድ ተሠርቶለታል፣ መብራት አለው። ውስጡ ጨዋማ ሐይቅና ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ዓምዶች አሉት። አንድ እግርዎ ውሃ ሳይነካ ያዩታል።

መድረሻው መንገድ ሁለት ነው። ከገደሉ አናት በደረጃ መውረድ ይቻላል፤ ደረጃው 654 ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሻውም ግን ያው 654 ነው፤ እሱም ሽቅብ። ጉልበትዎ ደህና ካልሆነ ከአልጌሮ ወደብ በጀልባ ይሂዱ። ባህሩ ሲነሳ ጀልባው ዋሻው አፍ መጠጋት ስለማይችል ጉዞው ይሰረዛል። ስለዚህ ልጅዎ ጠዋት፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት፣ ደውላ ትጠይቅ። ሹራብም ይያዙ።