«ከኋላዋ ማንም የለም» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን የጓደኛዬ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለተማሪዎች ጋዜጣ ስፖርት ትጽፋለች። «ጋሼ፣ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሲዝን ሳይጀመር ግምት ጻፊ ተብያለሁ። ሃያ አምስቱንም ቡድን። ሁሉንም ማየት አለብኝ እንዴ? ቁጥሩ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። የደከመኝ መሰላትና ወሬ ቀየረች። አልደከመኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነው። ያን ቀን ያልመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው፤ እንደ እሷ መጻፍ የጀመራችሁ ልጆችም ካላችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

1997 ነው፣ ኦክቶበር። አሜሪካ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ። ቀን ዲሲ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ያኔ ከሐበሻው ግማሹ እዚያ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጋዜጠኝነት እማራለሁ። አንድ የሰፈር ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ስሙ ይቅር፣ ለአንድ ጽሑፍ 40 ዶላር እየከፈለ ያጽፈኝ ጀመር። ችሎታዬን አይተው እንዳይመስላችሁ። የወንዶቹን ጨዋታ ለመጻፍ ሦስት ሰው ይሻማል፤ ሴቶቹን የሚፈልግ ጠፋ። እኔ ደግሞ 40 ዶላሯን እፈልጋታለሁ።

ስለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን የዓመቱን ግምት ጻፍ ተባልኩ። አሰልጣኟ ሦስት ጊዜ ደወለች። የቤቴ የመልእክት መቀበያ ላይ ድምፅዋ አለ፦ ናና ልምምድ እይ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጂም ነን። አሥር ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ እውነት ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋትም እንደሚለማመዱ ነግራኛለች። ቅዳሜ እረፍቴ ነው። ተኛሁ።

ጽሑፉን የጻፍኩት ፓርኪንግ ውስጥ ያለችው ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። የቡድኑ መጽሔት ጭኔ ላይ፣ ያለፈው ዓመት ቁጥር በሙሉ ከፊቴ፣ መኪና ሲመጣ እየተነሳሁ፣ ሐሳብ ሲመጣልኝ ቲኬት ጀርባ ላይ እየጫርኩ። የመጨረሻ ዓመቷ የሆነች ጎበዝ ፖይንት ጋርድ አለቻቸው፤ ኳሷን ይዛ የምታወጣ፣ የምታከፋፍል፣ የምታገባም እሷ። ተቀያሪዎቹን አየሁ። ከስማቸው ትይዩ ያለው ቁጥር ሁሉ ትንንሽ። እሷ ብትጎዳ አለቀላቸው ብዬ አሰብኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከኋላዋ ማንም የለም።» ዐረፍተ ነገሯን በጣም ወደድኳት። አጭር ናት፣ ትቆርጣለች። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ አጭር ጻፍ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ወጣ። ሰኞ ቼኬን ልወስድ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ስልክ አቀበለችኝ። አንዲት ሴት ናት፣ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው የምትደውለው አለችኝ፣ ስልክ ቁጥሯንም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ስለ ልጆቹ ቡድን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ማንም የለም ያሉት ልጄን ነው።»

አልገባኝም። ደገመችልኝ። «ከኋላዋ ማንም የለም ብለዋል። ከኋላዋ ያለችው የእኔ ልጅ ናት።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለተቆጣ ሰው መልስ አላጣም፣ ፓርኪንግ ውስጥ በቀን አምስት የተቆጣ ሰው ነው የማስተናግደው።

«ስትጫወት አይተዋታል?»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። «አላየኋትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ጸሐፊዋ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች፣ አለቃዬ በሩ ክፍት ነው፣ ቼኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። «አዎ፣ አይቻታለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ፌብሩዋሪ ላይ» አልኩና ከመጽሔቱ ያስታወስኩትን የተጋጣሚ ስም ጠራሁ። ከሜዳቸው ውጪ የተጫወቱትን።

ከጀርባዋ ውሃ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፣ ዕቃ እያጠበች መሰለኝ። ቧንቧውን ዘጋችው። «ፌብሩዋሪን እጇ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነበር። ሹራቧን የማለብሳት እኔ ነበርኩ።» ትንሽ ቆየችና፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች።

ጸሐፊዋ ምን አለች አለችኝ። ስለ ልጇ ነው አልኳት። ቼኬን ይዤ ወጣሁ።

ብጣሿን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ሁለት ዓመት አብራኝ ኖረች። ቁጥሩን በቃሌ አውቀው ነበር። ቤት ስቀይር ጠፋች፣ በቃሌ ያወቅኩትም እዚያው ጠፋ።

ጃንዋሪ ላይ ጨዋታቸውን ለማየት ሄድኩ። ጂሙ ውስጥ ስድሳ ሰው ቢኖር ነው። ጥግ ላይ፣ ከላይ ተቀመጥኩ። ኳሱን ትቼ እናቶቹን ነበር የማየው፤ የቷ ናት? ያቺ ቀይ ጃኬት የለበሰችው? ፋንዲሻ የያዘችው? ዋናዋ ልጅ ሁለት ፋውል ስትይዝ «ማንም» ተነሳችና ገባች። ቀጭን፣ የግራ አንጓዋ በፋሻ የተጠቀለለ። ኳሱን ያዘች። አልሮጠችም። በቀኝ እጇ እያነጠረች በግራዋ ለአንዷ ጓደኛዋ ምልክት ሰጠቻት፤ ልጅቷ የቆመችው የተሳሳተ ቦታ ነው፣ ወደ ጥጉ ሂጂ አለቻት። ሄደች። ተከላካዩዋ ተከተለቻት፣ መሃሉ ተከፈተ። ኳሱን ለአንዷ አቀበለች፣ ከአንዷ ለሌላ፣ ገባ። ነጥቡ የሌላ ሰው ነው፣ ያቀበለችውም ሌላ ናት። የእሷ ስም የትም አይመዘገብም። ያን ቅርጫት የሠራችው ግን እሷ ናት፤ እኔም አይቻለሁ።

እና ጻፍኩት? አልጻፍኩትም። ስለ ዋናዋ ልጅ ጻፍኩ። እሷን ከጻፍኩ እናቷ ታነበዋለች፣ አሁን ገና እንዳየሁ ይገባታል ብዬ ፈራሁ። ስህተቱን ረስቼው ነበር ብል ታምኑኛላችሁ፤ ሰው ይሳሳታል። ያልረሳሁት ውሸቱን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ይባስ ብዬ ውሸቱ እንዳይጋለጥ ልጅቷን ሁለተኛ ጊዜ «ማንም» ማድረጌን።

በዚያው ሲዝን፣ ማርች 1998፣ በሴቶች ኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ሃርቫርድ ስታንፎርድን አሸነፈ። እናንተ አልተወለዳችሁም። በምድቡ የመጨረሻ፣ 16ኛ ሆኖ የተመደበ ቡድን አንደኛውን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር፣ በወንዶቹም በሴቶቹም፣ ያውም በስታንፎርድ ሜዳ፣ 71 ለ 67። አሊሰን ፊስተር 35 ነጥብ አገባች። ሰው ሁሉ ተአምር አለ። ግን ስታንፎርድ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ሁለት ቋሚ ተጫዋቾቹ ጉልበታቸው ላይ ጅማት ተበጥሶባቸው ነበር። ጋዜጣውን ፓርኪንግ ውስጥ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሃርቫርድ አልነበረም። በእነዚያ ሁለት ልጆች ምትክ ስለገቡት ነው። በኦክቶበር ስለ እነሱ ማን ምን ጽፎ ይሆን?

ይኸው ነገር ዛሬም አለ። ይህን የምጽፈው በኦክቶበር 2025 ነው። የዜና ወኪሉ የአሶሼትድ ፕሬስ (ኤፒ) ደረጃ፣ ጋዜጠኞች ድምፅ ሰጥተው ሃያ አምስት ቡድን የሚመርጡበት፣ ወጥቷል፤ ዩኮን አንደኛ፣ ሳውዝ ካሮላይና ሁለተኛ፣ ዩሲኤልኤ ሦስተኛ፣ ቴክሳስ አራተኛ፣ ኤልኤስዩ አምስተኛ። ሳውዝ ካሮላይና ገና ኳስ ሳይነካ ክሎይ ኪትስን አጥቷል፣ ያው ጉልበት። ዩኤስሲ ጁጁ ዋትኪንስን አያገኛትም፣ ማርች ላይ የተጎዳችው ጉልበቷ ነው። ይህ የጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ ከወንዶቹ ይበዛል። ስለዚህ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የተቀያሪ ወንበሩን ሳያይ ግምት የሚጽፍ ሰው ግማሹን አልጻፈም። «ከኋላዋ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው። እኔ በተሳሳተ መንገድ የጠየቅኩት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፣ ይገርማል።

2023ን አስታውሱ። ሳውዝ ካሮላይና አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ሄዱበት። ሲዝኑ ሳይጀመር ስድስተኛ ሰጡት። አንደኛ ኤልኤስዩ ነበር፣ ያለፈው ሲዝን ሻምፒዮን። ኤልኤስዩ በመክፈቻው ቀን በኮሎራዶ 92 ለ 78 ተሸነፈ፤ በዚያው ቀን ፓሪስ ላይ የሳውዝ ካሮላይናዋ አሰልጣኝ የዶውን ስቴሊ ልጆች ኖትር ዳም ላይ መቶ አገቡ። 38 ጨዋታ፣ 38 ድል፤ ፍጻሜውን ከነኬትሊን ክላርክ አይዋ ላይ 87 ለ 75። ከየት መጡ? አብዛኞቹ ከዚያው ከወንበሩ ነው የመጡት። ሁሌም ልምምድ ላይ ነበሩ። አሰልጣኟ ታያቸዋለች። የማናያቸው እኛ ነን።

እናንተ ልጆች ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሙሉ ጨዋታ አታዩም። አርባ ሰከንድ ቪዲዮ አይታችሁ «በቃ ገባኝ» ትላላችሁ። አርባ ሰከንድ ውስጥ ያቺ በግራ እጇ ምልክት የምትሰጠው ልጅ የለችም፣ ተቆርጣ ወድቃለች። አንዳንዶቻችሁ ጭራሽ ጽሑፉንም ለማሽን ትሰጡታላችሁ አሉ። እኔ ግን ማን ሆኜ ነው የምናገረው፤ እኔ አርባ ሰከንዱንም አላየሁ።

ተጫዋቾቹ በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀያየራቸውም አይጥመኝም። የማን ልጅ የት እንዳለች ለማወቅ እንደ ሐበሻ ሠርግ ዘመድ መቁጠር ሆኗል፤ ሙላይዢያ ፉልዋይሊ ከሳውዝ ካሮላይና ኤልኤስዩ፣ ኦሊቪያ ማይልስ ከኖትር ዳም ቲሲዩ። በእኔ ጊዜ... እሺ፣ በእኔ ጊዜ አሰልጣኙ ጠዋት ተነስቶ ሌላ ቦታ ይቀጠር ነበር፣ ልጅቷ ግን ብትቀይር አንድ ዓመት ቁጭ ትላለች። እሱም ግፍ ነበር። ተውኩት።

ስም በትክክል መጻፍ፣ በሰዓቱ ማስረከብ፣ ይህን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የሴቶቹ የኤፒ ደረጃ ሲጀመር፣ በ1976፣ መል ግሪንበርግ የሚባል የፊላደልፊያ ጋዜጠኛ ነበር የሚያሰናዳው። ስለ ሴቶቹ የሚጻፍ መረጃ በሌለበት ዘመን አሰልጣኞቹን በስልክ እያገኘ ድምፃቸውን ይሰበስብ ነበር። ሰውዬው ያላየውን፣ ያዩትን ደውሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ጋ አሰልጣኟ ራሷ ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሳሁም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ፦ ሃያ አምስቱን ማየት አትችይም፣ ማንም አይችልም፣ ድምፅ የሚሰጡትም አያዩም። ሦስት ምረጪና ልምምዳቸውን እይ፣ ካልሆነም ያለፈውን ዓመት ሁለት ሙሉ ጨዋታ ከነአሰልቺው ክፍል እይ። የቀሩትን ሃያ ሁለት ከቁጥር ነው የጻፍኩት በይ። ፊት ለፊት ጻፊው። አንባቢ አይንቅሽም። ቢንቅሽም ይናቅሽ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይበላል ብትይኝ ዩሲኤልኤ እልሻለሁ። ዩኮን ሻምፒዮን ነው፣ ሳራ ስትሮንግ አለች፣ አዚ ፈድም ተመልሳለች፤ ያለፈው ዓመት ኮከባቸው ፔጅ ቤከርስ ግን ሄዳለች። ዩሲኤልኤ ኤፕሪል ላይ በዩኮን 85 ለ 51 ተዋርዶ ነው የወጣው። ያን የቀመሱት ሎረን ቤትስና ኪኪ ራይስ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመታቸው ነው። በ34 ነጥብ ተሸንፎ ክረምቱን የከረመ ሰው እንዴት እንደሚለማመድ መገመት አያቅተኝም። አላየኋቸውም። ከቁጥር ነው።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ግን አይቻለሁ፣ ዘንድሮም አያለሁ። በ2006 ዱክን በጭማሪ ሰዓት 78 ለ 75 ሲያሸንፉ፣ ያቺ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ክሪስቲ ቶሊቨር ሰከንዶች ሲቀሩ በረጅሟ ተከላካይ አናት ላይ ሦስት ነጥቧን ስትወረውር፣ ሳሎኔ ውስጥ ጮኼ ጎረቤት አስነስቻለሁ። ኖቬምበር ላይ ሲዝኑ ሲጀመር ወደ ሜዳቸው፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የምትሄጂ ከሆነ ደውይልኝ። ሰዓት ቀደም ብለን እንግባ፣ ሲያሟሙቁ እንድናይ። በእኔ መኪና እንሄዳለን፣ የፓርኪንጉን እኔ እከፍላለሁ።