ከከብት ውርጃ ወደ ዶልፊን ባክቴሪያ

«በእንስሳት ሕክምና ዘንድሮ ተመረቅሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በላሞች ውርጃ ላይ ነበር። ፍላጎቴ ግን ዶልፊንና ዓሣ ነባሪን በመሳሰሉ የባሕር አጥቢዎች ላይ የሚገኙ አዳዲስ ባክቴሪያዎችን መለየትና መመደብ ነው። ቤተሰቦቼ ‹ባሕር በሌለበት አገር ምን ሊረባሽ?› ይሉኛል። ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አትተዪው እህቴ። ላሞቹ ራሳቸው ወደምትፈልጊው ቦታ ያደርሱሻል። ላምን የሚያስወርደው ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያ በባሕርም ዘመዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 ከስኮትላንድ ዳርቻ ከተገኙ ሲሎች (የባሕር አጥቢዎች ናቸው)፣ ዶልፊኖችና ዶልፊን መሰል ፖርፖይዞች ብሩሴላ መገኘቱ ተዘገበ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ብሩሴላ ሴቲ እና ብሩሴላ ፒኒፔዲያሊስ የሚሉ ስሞቻቸውን ያገኙት ግን በ2007 ነው።

13 ዓመት ያስጠበቀውን ምክንያት በደንብ አጥኚው፤ የሙያው ፍሬ ነገር እዚያ ነው። አዲስ ባክቴሪያ ሲገኝ በቅድሚያ የሚነበበው 16ኤስ የሚባለው፣ በሁሉም ባክቴሪያዎች የሚገኝ ጂን ነው። ከታወቁት ጋር ያለው መመሳሰል ከ98.7 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል። የብሩሴላ ዝርያዎች ግን በዚህ ጂን ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ስለዚህ ሌሎች ጂኖችን፣ ለማደግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መፈለግ አለመፈለጋቸውንና የተገኙበትን እንስሳ አንድ ላይ ማየት አስፈለገ። በሙሉ ጂኖም (በጠቅላላ የዘረመል መረጃቸው) ሲነጻጸሩም ለዝርያ መለያ ከሚያዘው 95-96 በመቶ በላይ ስለሚመሳሰሉ፣ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ምደባ መሣሪያው የሚነግርሽን መቀበል ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ አመዛዝነሽ የምትከራከሪበት ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በተለመደው ዓለም አቀፍ የባክቴሪያ ስያሜ ደንብ አዲስ ስም እንዲጸድቅ ባክቴሪያው በሕይወት እንዳለ፣ በሁለት የተለያዩ አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት። እንግዲህ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ የእጅ ሙያ ነው፦ ከተበላሸ ናሙና አንዱን ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ክምችት) ነጥሎ ማብቀል፣ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ሳይሞት ማቆየት። ይህን ለመማር ባሕር አያስፈልግሽም። ሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ባክቴሪያ በሚያበቅል የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ለመሥራት ሞክሪ፤ ደመወዙ ቢያንስም እንኳ እመርጥልሻለሁ። የባሕር አጥቢ ባክቴሪያ በሚል ስም ብቻ የሚከፈት የሥራ መደብ በዓለምም ጥቂት ነው፤ የምርመራ ሙያ ግን የትም ያሠራሻል።

አደራ የምልሽ ጥንቃቄ ነው። ብሩሴላ በትንፋሽ ይገባል፤ ከባሕር እንስሳት የተገኘውን ሲመረምር የተያዘ የላብራቶሪ ባለሙያም አለ። የደኅንነት ካቢኔት (አየሩን እያጣራ ባለሙያውን የሚጠብቅ የሥራ ሣጥን) ሳይኖር የብሩሴላ ካልቸር (በላብራቶሪ የበቀለ ባክቴሪያ) ክፈቺ ቢሉሽ እምቢ በዪ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ሥራ አለ። የላሙም የዶልፊኑም ብሩሴላ ጂኖም በነጻ ይገኛል። ከየዝርያው ጥቂት አውርደሽ የዝምድና ዛፍ ሥሪ። ለውጭ አገር ፕሮፌሰር «ፍላጎት አለኝ» ብለሽ ከምትጽፊ፣ ዛፉን አያይዘሽ ያልገባሽን አንድ ቅርንጫፍ ብትጠይቂ መልስ የማግኘት ዕድልሽ ይሰፋል። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እናየዋለን።