መልስ፦ የድሮ ሬዲዮዬ ቫልቮች ሁሉም ይቀየሩ?

ወንድሜ፣ የአንዱ ቫልቭ (አምፖል የሚመስለው የመስታወት ቱቦ) አናት ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ የሌላው ነጭ ሆኗል፣ ሬዲዮው ደግሞ “እምምም” ይላል፤ ሁሉንም ልቀይር ወይ ነው ጥያቄህ። ኧረ ተው፣ ገንዘብህን አትጨርስ! ያ መስታወት የመሰለ ጥቁር ነገር የተቃጠለ እንዳይመስልህ። ባሪየም ነው። ውስጥ የቀረችውን ጋዝ እንዲመጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ በጤናው ነው። ነጭ የሆነው ግን አየር ገብቶበታል፣ አለቀለት። እሱን ብቻ ቀይር። ላዩ ላይ “ኢኤል84” የሚል ካለ፣ አሜሪካኖቹ “6ቢኪው5” የሚሉትም ያው እሱ ነው፤ ያገኘኸውን ግዛ።

“እምምም” የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካረጀ የፊልተር ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የሬዲዮውን ኃይል የሚያለዝብ ዕቃ) ነው። ደግሞ አዲሱን ቫልቭ ከመሰካትህ በፊት፣ ወደ ኢኤል84 ግሪድ (ቫልቩ ውስጥ ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ሽቦ)፣ ማለትም ወደ 2ኛው እግር የምትሄደውን ትንሽ ካፓሲተር አስቀይር። እሷ ኤሌክትሪክ ካፈሰሰች ግሪዱ ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ይደርሳል። የቫልቩ ፕሌት (ውስጡ ያለው ብረት) እንደ ፍም ይቀላል፣ አዲሱንም በአጭር ጊዜ ትበላብሃለች።

ከሶኬት ነቅለኸውም ቢሆን እጅህን ቶሎ አትክተት። ካፓሲተሮቹ 250 ቮልትና ከዚያም በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ቮልቴጁ ማለቁን የምትለካበት መልቲሜትር ከሌለህ ለባለሙያ ስጠው።