የወንድሜ ስልክና የመመረቂያ ጽሑፌ

ይድረስ ለእትየ፣

እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የ16 ዓመት ታናሽ ወንድሜን ጌም ናላውን አዙሮታል። አራት አራት ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው። ጋቢውን ተከናንቦ «ከኋላህ! ከኋላህ!» ሲል ያድርና ሱብሂ አዛን ሲል ይተኛል። እማየ ለትምህርት ስትቀሰቅሰው ቤቱ ይታመሳል። ለፓኬጅ እያለ የዳቦ መግዣ ሳይቀር ይወስዳል። ብመክረው አልሰማኝም፤ ብቆጣው አኮረፈኝ። ከቤት ሰው ጋር ቃል የማይተነፍሰው ልጅ ከማያውቃቸው ጋር ሲስቅ ቢያዩት! ወላሂ ትዕግሥቴ አልቋል።

እኔ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ርዕሴም የኦንላይን ጌም ማኅበራዊና ሥነ ልቦናዊ ተፅዕኖ ነው፤ እሱን እያየሁ የመረጥኩት። አማካሪዬ መረጃ አምጪ እያለ ይወተውተኛል፤ ወላጆች ግን ልጆቻቸው መጠይቅ እንዲሞሉ አይፈቅዱልኝም። ወንድሜ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶ ሲወጣ፣ አብረውት ከሚጫወቱት ጋር የሚጻጻፍበትን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ፎቶ አነሳሁት። አብዛኛው ቀልድና ስድብ ነው፤ ስለ ጦርነቱም፣ ስለ አባየም አልፎ አልፎ አለበት። ስሙን ቀይሬ ጽሑፌ ውስጥ ባስገባው ችግር አለው? ከጌሙስ እንዴት ላላቅቀው?

መልስ

ልጄ፣ ችግር አለው። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ፎቶዎቹን አጥፊያቸው።

ስም መቀየር አያድንሽም። «የአጥኚዋ ወንድም፣ የ16 ዓመት የደሴ ልጅ» ከተባለ የሰፈሩ ሰው ስም አይጠይቅም። ሦስቱ ጓደኞቹስ ማን ጠየቃቸው? ያልደረሰን ልጅ ለማጥናት የወላጁ ፈቃድ፣ የራሱም ይሁንታ እንደሚያስፈልግ እኔ ሳልሆን አንቺ ነሽ በክፍል የተማርሽው። ኒክ ዪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱበትን ምክንያት በሦስት ሲመድብ፣ ማለትም ስኬት፣ ከሰው ጋር መገናኘትና በጌሙ ዓለም መመሰጥ፣ ተጫዋቾቹ ወደው በሞሉት መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ ነው። ወላጆች እምቢ ካሉሽ 18 ዓመት የሞላቸውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠይቂ። አማካሪሽንም ይህንኑ ንገሪው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ዳቦው ብር ጽፈሽልኛል፤ «ስለ አባየም አለበት» ብለሽ ደግሞ አልፈሽዋል። አባታችሁ ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አልነገርሽኝም! በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ይህ ልጅ ገና ትንሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ተቀምጦ ምን አየህ፣ ምን ፈራህ ያለው አለ? እኛ ለቅሶ ቤት ልጅ ሲመጣ «ሂድ ውጭ ተጫወት» ነው የምንለው። ሄዶ ተጫወተ። እዚያም አባቱን የሚያነሳላቸው ልጆች አገኘ። እነዚህን «የማያውቃቸው» ትያቸዋለሽ፤ እኔ ግን እግዜር ይስጣቸው እላለሁ።

ሌሊቱን ሙሉ መንቃቱን አልደግፍም። ሱስ ነው ብሎ ለመፍረድ ግን አትቸኩይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር የጌም ሱስ የሚባለው፣ ሰው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ጌሙን ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው፤ አንቺ እህቱ ነሽ።

ጌሙ መሀል ላይ ስልኩን አትንጠቂው፤ ጓደኞቹን ጥሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ዙሩ እስኪያልቅ ጠብቂው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስልኩ እናታችሁ ዘንድ እንዲያድር ተስማሙ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ፣ የአንቺም ጭምር። ከዚያ በፊት ግን «ስልክህን ከፍቼ አንብቤያለሁ፣ ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ» በዪው። ስለ አባታችሁ ያነበብሽውን አንስተሽ አታናዝዢው፤ አንቺ የምታስታውሺውን ቀድመሽ አውሪለት፤ አንቺም ያላወራሽው ብዙ ሳይኖርሽ አይቀርም። ካኮረፈ ያኩርፍ፣ መብቱ ነው።