የቤት ኤሲ ጋዝ መጉደሉ እንዴት ይታወቃል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ኤሲያችንን የሚሠራው ልጅ በየዓመቱ ጋዝ መሙላት ግድ ነው ይላል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ጋዝ እየሆነ ይዞራል። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ቱቦዎቹ በነት ከሚታሰሩበት ነው፤ እዚያ ጋ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ይፈልጉ፣ ከዚያ የሳሙና አረፋ ይቀቡት። ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ለከርሞም ያስከፍልዎታል።

ጥያቄ፦ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) የለኝም። ቤት ውስጥ ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፊልተሩን እጠቢው፤ በቆሸሸ ፊልተር የሚደረግ ምርመራ ዋጋ የለውም። ሪሞቱን 16 ላይ አድርገሽ በከፍተኛ ነፋስ 15 ደቂቃ ይሥራ። ከላይ የሚገባውንና ከታች የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኪ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ወበቅ ባለበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አትደንግጪ። ቀጥሎ ውጭ ያሉትን ሁለት ቱቦዎች እዪ። ቀጭኑ በረዶ ይዞ ወፍራሙ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ጋዝ ጎድሏል። በረዶው ወፍራሙንም ከሸፈነው ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የአየር ማነስ ነው፦ ፊልተር ወይም የውስጡ ፋን።

ጥያቄ (ከሰመራ)፦ ፋኑ ይዞራል፣ ቅዝቃዜ ግን ጭራሽ የለም። ውጭ ያለው «እም» ብሎ ይጠፋል።

መልስ፦ ይሄ ጋዝ አይመስልም። ኮምፕረሰሩ (ውጭ ያለው ጋዙን የሚገፋው ሞተር) መነሳት አቅቶታል፤ ካፓሲተሩንና (ሞተሩን የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ዕቃ) የመብራቱን ቮልቴጅ አስለካ። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ይነዝራልና አንተ አትንካው።

ጥያቄ፦ ኤሲው ጠፍቶ ጌጁ 250 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አነበበ። «ሙሉ ነው» ተባልኩ።

መልስ፦ ያ ንባብ የሚነግርህ የሙቀቱን መጠን ነው። በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚከተለው የአየሩን ሙቀት ነው፦ አር-410ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 260 ፒኤስአይ ያሳያል፣ ብዙ ቢጎድልም። እየሠራ ሲለካ ዝቅተኛ ግፊት ባለው በወፍራሙ ቱቦ በኩል ሌላው የጋዝ ዓይነት አር-22 ከ60 እስከ 75 ፒኤስአይ፣ አር-410ኤ እና አር-32 ከ110 እስከ 140 አካባቢ ይሆናሉ። ኤሲው ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን ስለሚቀያይር ይሄም ያሳስታል፤ መጀመሪያ በመመሪያው እንደተጻፈው ወደ ሙከራ አሠራር መግባት አለበት።

እርግጠኛው መንገድ ሚዛን ነው። ያለውን ጋዝ በባዶ ሲሊንደር መሰብሰብ፣ በቫኪዩም ፓምፕ ግፊቱን ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ) በታች ማውረድ፣ ከዚያ በውጭው ክፍል ሳህን (መለያ ሰሌዳ) ላይ የተጻፈውን ግራም መዝኖ ማስገባት። ቱቦው መመሪያው ከሚለው ርዝመት (ብዙ ጊዜ 5 ወይም 7.5 ሜትር) ካለፈ ለተጨማሪው ሜትር የታዘዘው ግራም ይጨመራል። በዝቶ ከተሞላ ፈሳሹ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ገብቶ ይሰብረዋል። በእጅ ዳስሶ «በቃው» የሚል ባለሙያ ሲገጥምህ ሚዛኑን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሳህኑ አር-32 ይላል፣ ሱቁ ያለው አር-410ኤ ነው። ልደባልቅ?

መልስ፦ በፍጹም። አር-410ኤ ራሱ የአር-32 እና የአር-125 ግማሽ በግማሽ ድብልቅ ነው፤ በጋዝነቱ ከወጣ ድብልቁ ሊዛባ ስለሚችል ነው ሲሊንደሩ ተገልብጦ በፈሳሽነቱ የሚሞላው። አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ሲጋራ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ጋዝ ያለበት ቱቦ አይበየድ። ለማፍሰስ ምርመራ ደረቅ ናይትሮጅን ይግባ እንጂ ኦክስጅን አይሞከር፤ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።