ዘመኑን የዋጀ

ውድ ልጆቼ፣

መንፈሳዊ መጻሕፍትን ከኅትመት በፊት በማረም ከ30 ዓመት በላይ ስላሳለፍሁ፣ ሌላው አንባቢ አይቶ የሚያልፋት ቃል እኔን ትይዘኛለች። ሰሞኑን ከያዙኝ አንዷ «ዘመኑን የዋጀ» የምትለው ናት። ዘመኑን የዋጀ አምልኮ፣ ዘመኑን የዋጀ ስብከት ሲባል ሁላችንም «ዘመናዊ» ማለት እንደሆነ እንረዳለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በኤፌሶን 5፥16 ዘመኑን ዋጁ ሲል ምክንያቱን አያይዞ ነው፤ ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና። መዋጀት ዋጋ ከፍሎ ከባርነት ማውጣት ስለሆነ፣ ትእዛዙ ዘመኑን ከመምሰል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። ዓለማዊ ሐሳብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚክድ ሰው ገና ከበሩ ይታወቃል፣ ጥቅስ ይዞ የሚመጣውን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ብዙዎቻችሁ ኤርምያስ 29፥11ን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ሰላም አሳብ፣ ስለ ፍጻሜና ስለ ተስፋ የሚናገረው ነው። ቃሉ በደብዳቤ የተላከው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወደ ባቢሎን ላፈለሳቸው ሰዎች ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ተስፋው የሚፈጸመው 70 ዓመት ሲሞላ መሆኑን ይናገራል። ደብዳቤውን ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ በባዕድ ምድር ሊቀበሩ ነው ማለት ነው። ምዕራፍ 28ን ብትገልጡ ደግሞ ሐናንያ የተባለ ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቁ፣ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ሲል ታገኙታላችሁ። የተናገረው በባዕድ አምላክ ስም አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ስም ሕዝቡ ሊሰማው የሚናፍቀውን ተናገረ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኤርምያስ አስቀድሞ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ማለቱ ነው። እርሱም ሰው ነውና አጭሩን መንገድ ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ስለተመኘው ግን እውነት ነው አላለም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ዛሬ «በአፍህ አውጅ፣ ይሆንልሃል» የሚለው ስብከት ከጥንት የወረስነው ይመስላችሁ ይሆናል። የሰው ሐሳብ በራሱ ጤናንና ብልጽግናን ይስባል የሚለው ትምህርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ «አዲስ አስተሳሰብ» በተባለው እንቅስቃሴ የተስፋፋ ሲሆን፣ ወደ መድረኮቻችን የደረሰው ኋላ ጥቅስ ለብሶ ነው። «ልብህን ተከተል» የሚለውም እንዲሁ፤ ያው ኤርምያስ በ17፥9 ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ መሆኑን ጽፏል። «ሁሉን እችላለሁ» ያለው ጳውሎስም ከአንድ ቁጥር በፊት ስለ መራብና ስለ መጉደል ይናገር ነበር፤ ያውም ታስሮ።

ማጽናናትን የምጠላ አይምሰላችሁ፤ የእናንተ ዘመን ጭንቀት ቀላል አለመሆኑን ከልጆቼ አውቃለሁ። ከሙያዬ የተረፈችኝን አንዲት ዘዴ ግን ልስጣችሁ። አንድ ስብከት ሲያጠራጥረኝ በጽሑፍ አግኝቼ የክርስቶስን ስም በእርሳስ እሰርዝና እንደገና አነበዋለሁ። ያለ ስሙም ሳይናጋ ከቆመ፣ ከመነሻውም አላስፈለገውም ነበር፤ አነቃቂ ንግግር ነው፣ እንደ አነቃቂ ንግግርም መልካም ሊሆን ይችላል። መስቀልን፣ ንስሓንና ትዕግሥትን የያዘ ስብከት ግን ስሙ ሲሰረዝ ወዲያው ይፈርሳል።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ኤርምያስ 29፥11ን ከቁጥር 10 ነጥሎ ሙሉ ምዕራፍ የገነባ ረቂቅ ደረሰኝ። በኅዳጉ «ከፊቱ ያለው ቁጥር ይጨመር» ብዬ ጻፍሁ፤ አሳታሚው አንባቢን ያስከፋል አለ፣ ማተሚያ ቤት የሚገባበትም ቀን ደርሶ ነበርና እሺ አልሁ። መጽሐፉ ሦስት ጊዜ ታተመ። የእኔው ቅጂ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ በዚያ ገጽ ኅዳግ ቁጥር 10ን በእርሳስ ጽፌበታለሁ፣ የሚያነበው ግን እኔ ብቻ ነኝ።