የክፍል አየርና የምንጣፍ አቧራ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በመሃል አዲስ አበባ ከሚኖሩና ከሚሠሩ አንባቢያን የመጡ ሲሆኑ፣ የሚያነሡትም ሁለት ዓይነት መሣሪያዎችን ነው፤ የክፍልን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠሩትንና አቧራ የሚስቡትን። ሱቅ ውስጥ ለየብቻ ይቀመጡ እንጂ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም አየር ያንቀሳቅሳሉ፣ ከአየሩም የማይፈለገውን ይለያሉ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለን። በሐምሌና በነሐሴ ወረቀቱ እየተወላገደ፣ ባለ አራት ቀለም ሥራ ስናትም ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል አያርፉም። ኤሲ ብናስገባ ይረዳናል ወይስ ኤሲ ለቆላ አገር ብቻ ነው?

ኤርኮንዲሽነር የተፈጠረው ለእርስዎ ዓይነት ችግር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1902 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ የነበረው የሳኬትና ዊልሄልምስ ማተሚያ ድርጅት ያማረረው ሠራተኞቹን ስላላባቸው ሳይሆን ሥዕሎቹ ስለተዛነፉበት ነበር። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ ቀለም ከታተመ በኋላ ሌላው እስኪታተም ድረስ የአየሩ እርጥበት ከተለወጠ የወረቀቱም መጠን ይለወጣልና ሁለተኛው ቀለም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። መፍትሔ እንዲፈልግ የታዘዘው ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ ነበር። እርሱ የተነሣው አየር በቀዘቀዘ መጠን ሊሸከመው የሚችለው ውኃ ይቀንሳል ከሚለው ሕግ ሲሆን፣ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች መካከል እያሳለፈ፣ የቱቦዎቹን ቅዝቃዜ በመወሰን በክፍሉ ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት መወሰን እንደሚቻል አሳየ። አየርን ለማከም ለነደፈው መሣሪያ በ1906 ፓተንት ተሰጠው። ዛሬ የመሣሪያው ዋና ጥቅም አድርገን የምንቆጥረው ሰውን ማቀዝቀዝ ተከትሎ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ የብሩክሊን መሣሪያ እንዳለ ለአራት ኪሎ አይሆንም። እነዚያን ያስቸገራቸው እርጥበት ከሙቀት ጋር የመጣ ነበር፤ የእኛ ክረምት ግን እርጥብም ቀዝቃዛም ነው። ቀድሞውንም የቀዘቀዘን ክፍል በኤሲ ይበልጥ ሲያቀዘቅዙት የተወሰነ ውኃ ተጨምቆ ይወጣል፤ ነገር ግን አየሩ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው ውኃ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳየው መጠን) የተጠበቀውን ያህል ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከኤሲ በፊት የእርጥበት መቀነሻ መሣሪያ እገዛ ነበር፤ ይህ መሣሪያ አየሩን አቀዝቅዞ ውኃውን ጨምቆ ካወጣ በኋላ መልሶ ያሞቀዋልና ለደጋ ከተማ የበለጠ ይስማማል። ከእርሱም አስቀድመው እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ይስቀሉ፤ የማተሚያ ክፍል 50 ከመቶ ገደማ በሆነ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ጸንቶ ቢቆይ መልካም ነው። ከቁጥሩም በላይ የሚጠቅመው አለመዋዠቁ ነው። ወረቀቱን በማሸጊያው እንዳለ በማተሚያው ክፍል አሳድረው ይክፈቱት፤ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜም በርና መስኮት ይዘጋ።

ቢሮአችን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ የመስታወት ሕንፃ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ በምዕራብ በኩል የምንቀመጠው በሙቀት ስንቸገር፣ በሌላው በኩል ያሉት ባልደረቦቻችን ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ሪሞቱን 16 ላይ ስናደርገው ጠብ ይነሣል። ማን ነው ትክክል?

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ያልተስተካከለው መለኪያው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ስለ 16ቱ። ቴርሞስታት፣ ማለትም የክፍሉን ሙቀት እየለካ መሣሪያውን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ክፍል፣ የማቆሚያ ትእዛዝ እንጂ የፍጥነት ትእዛዝ አይሰጥም። በተለመደው ኤሲ ላይ 16 ቢያደርጉትም 23 ቢያደርጉትም ኮምፕረሰሩ የሚሠራው በዚያው ባለው አቅም ነው፤ ልዩነቱ በ23 ያዘዙት ክፍሉ እዚያ ሲደርስ ማረፉ፣ በ16 ያዘዙት ግን ሰው እየተንቀጠቀጠም መቀጠሉ ነው። ኢንቨርተር የተባሉት ዘመናዊዎቹ ፍጥነታቸውን ይለዋውጣሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ክፍሉ በጣም ከሞቀ 23 ሲባሉም በኃይል ነው የሚነሡት።

አሁን ወደ ጠቡ ልመለስ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ዋይትዎተር በምትባል ከተማ ባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን፣ የጽዳት ሠራተኛው በየጊዜው ወደ ክፍሉ እየገባ ቴርሞሜትር አይቶ፣ ከዚያም ምድር ቤት ወርዶ የእሳቱን አየር መግቢያ ማስተካከሉ ትምህርቱን ያቋርጥበት ነበር። በ1883 ፓተንት ያገኘበት መሣሪያ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ በኤሌክትሪክ ደወል ምድር ቤት ላለው ሰው የሚያስታውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚልዋኪ ከተማ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1895ም በታመቀ አየር ቫልቮችን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የአንድን ሕንፃ ክፍሎች ለየብቻ የሚያስተዳድር ሥርዓት ፓተንት አደረገ። በ1885 በሚኒያፖሊስ አልበርት በትስ የከሰል ምድጃን የአየር መግቢያ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ የእርሱ መሣሪያ ግን ቤቱን እንደ አንድ ክፍል ነበር የሚያየው። እኔ ከሁለቱ የጆንሰንን አስተሳሰብ አስበልጣለሁ፤ የአንድ ሕንፃ ክፍሎች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ተቀብሎ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መለኪያ ሰጥቶታልና።

የእናንተ ቢሮ በ1895 የታወቀው ነገር የጎደለው ነው። ሁለት ፊት ያለው ክፍል በአንድ መለኪያ ይተዳደራል፤ መለኪያው ምሥራቅ ካለ ምዕራቡ ይቃጠላል፣ ምዕራብ ካለ ምሥራቁ ይንቀጠቀጣል። አከራያችሁን መጠየቅ ያለባችሁ ተጨማሪ ኤሲ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ እንዲቆጣጠሩ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ስለ መስታወቱ ይሁን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በቀትር ፀሐይዋ ከአናት በላይ ናት፤ የቆመውን መስታወት ዘልቃ የምትገባው በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ዘቅዘቅ ስትል ነው። የውስጥ መጋረጃ በዚያን ጊዜ ዓይንን ያሳርፍ እንጂ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ የሚጠቅመው ከውጭ የሚሰቀል መከለያ ነው።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ በ1996 የተከፈተው የኢስትጌት ሕንፃ፣ በአርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ንድፍ፣ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪት ወለሎቹ ሥር እያሳለፈ ቀን የሚያስፈልገውን ቅዝቃዜ ያከማቻል። የእኛም ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ሌሊት ያላት ከተማ ሕንፃዎቿን በመስታወት ሸፍና ቅዝቃዜን በኤሌክትሪክ መግዛቷ እጅግ ያሳዝነኛል። ለጊዜው ግን በማለዳ ቀድሞ የሚገባ ሠራተኛ መስኮቶቹን ከፍቶ ክፍሉን ያናፍስ።

ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ «ቫኪዩም ክሊነርን ማን ፈጠረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አንዱ መጽሐፍ እንግሊዛዊ ነው ይላል፣ ሌላው አሜሪካዊ።

ሁለቱም ስሞች ይጻፉላት፤ የፈጠሩት ግን የተለያየ ነገር መሆኑም አብሮ ይጻፍ። ከሁለቱም በፊት በ1860 ዳንኤል ሄስ የተባለ የአዮዋ ሰው በሚሽከረከር ብሩሽና በወናፍ የሚሠራ መጥረጊያ ፓተንት አድርጎ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ አቧራን በአየር እየነፋ የሚያስነሣ የአሜሪካ መሣሪያ ሲታይ ተመልክቶ፣ ለምን አይስበውም ብሎ ጠየቀ። ምግብ ቤት ውስጥ በወንበር ጨርቅ ላይ መሐረብ ዘርግቶ በአፉ ሲስብ መሐረቡ ሥር አቧራ ተጣብቆ አገኘ። በ1901 የሠራው መሣሪያ ግን ቤት የሚገባ አልነበረም፤ በፈረስ እየተጎተተ ከደጅ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎች በመስኮት ይገቡ ነበር። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፎች የጸዱት በዚህ መሣሪያ ነው። ለዚያ በዓል ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ወደ ለንደን የተጓዙት ራስ መኮንን እንደነበሩ ልጅዎ ብትጨምርበት መምህሯ የሚደሰቱ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው ጄምስ ስፓንግለር በኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር የጽዳት ሠራተኛ ሲሆን አስም ነበረበት፤ ሲጠርግ የሚነሣው አቧራ ያፍነው ነበር። የአየር ማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ፣ ከፊቱ የሚሽከረከር ብሩሽ አድርጎለት፣ አንድ ሰው በእጁ የሚገፋው መሣሪያ ሠራ። ፓተንቱ በ1908 ከወጣለት በኋላ መብቱን የገዛው የቆዳ ዕቃ ነጋዴው ዊልያም ሁቨር ነው፤ መሣሪያውን አስቀድማ የሞከረችው ባለቤቱ ሱዛን ነበረች። በሞተር ኃይል መሳብን ቡዝ አመጣ፣ ወደ ቤት ያስገባው ስፓንግለር ነው። ለእኔ የስፓንግለር ሥራ ይበልጥ ይከብዳል፤ አቧራው ራሱን ያመመው ሰው በእጁ ካለው ዕቃ የሠራው ነውና።

ከካዛንቺስ፦ ነጋዴው ባለ 2000 ዋቱ ከባለ 900 ዋቱ በእጥፍ ይስባል ይለኛል። ልመነው?

አይመኑት። ዋት መሣሪያው ከመስመር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ እንጂ ከምንጣፍ የሚያወጣውን አቧራ አይነግርም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ፣ ከ2017 ጀምሮም ከ900 ዋት በላይ የሆኑ የቤት ቫኪዩሞች አዲስ ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሏል፤ ፋብሪካዎቹም ሞተሩን፣ የአፉን ቅርጽና የአየር መተላለፊያውን አሻሽለው በአነስተኛ ኃይል ወደ መሥራት ሄደዋል።

ነጋዴዎች የማያነሡት ሌላ ነገርም አለ። ቫኪዩም አቧራ የሚስበው በውስጡ ያለውን ግፊት ዝቅ ሲያደርግ የውጭው አየር ስለሚገፋለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩም በዚያው መጠን ሳስቷል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ ኃይል እዚህ ሲደርስ በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አስበው ይግዙ። የሳሳ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ከረጢቱ ሞልቶ ማሠራት በእኛ ከተማ ቶሎ ሞተር ያቃጥላል። ወፍራም ምንጣፍ ካለዎት የሚሽከረከር ብሩሽ ያለውን ይምረጡ። ወለልዎ ሴራሚክ ከሆነ ትንሹም ይበቃዎታል።

ቡና ካፈላን በኋላ የተበተነውን ፈንዲሻና ቄጠማ፣ የፈሰሰውንም የከሰል አመድ በቫኪዩም ማንሣት ይቻላል?

ፈንዲሻውን አዎን። ረዥም ቄጠማ ብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፤ በእጅ ይሰብሰብ። አመድ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የጠፋ የሚመስል ፍም አየር ሲያገኝ ከረጢቱ ውስጥ ይቀጣጠላል፣ የቀዘቀዘው አመድም ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል። የጄሶና የሲሚንቶ ብናኝም እንዲሁ።

ከለገሃር፦ በራሱ የሚዞረው ሮቦት ቫኪዩም ዋጋውን ያወጣል?

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለቤት ገበያ የቀረበው በ2001 በስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ፣ በ2002 ደግሞ ሩምባ በሚል ስም በአሜሪካው አይሮቦት ኩባንያ ነው። ለለስላሳ ወለልና ለየዕለቱ ብናኝ ጥሩ ረዳት ነው፤ ደፍ ያለበትን በርና ወፍራም ምንጣፍ አይችልም። እንደ ዋና መሣሪያ አልመክረውም።

በሠፈራችን በመንገድና በሕንፃ ሥራ ምክንያት አቧራው በዝቷል። የስድስት ዓመት ልጃችን አስም አለበት። ከረጢት ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?

ከረጢት የሌለው ዓይነት ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው፤ ጄምስ ዳይሰን በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች የሚሠራበትን አየርን በኃይል አሽከርክሮ ብናኙን የመለየት ዘዴ ወደ ቤት ለማምጣት 5,127 የሙከራ ሞዴሎች ሠርቷል። ለልጅዎ ግን ከረጢት ያለውን እመርጣለሁ፤ የሌለውን ሲደፉ አቧራው ፊትዎ ላይ ተመልሶ ይነሣልና። ማጣሪያው «ሄፓ» የተባለው ይሁን፤ ትክክለኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሚያህሉ ብናኞች ከመቶ 99.97ቱን ይይዛል። ማጣሪያው ጥሩ ሆኖ የመሣሪያው አካል ክፍተት ካለው ግን ደቃቁ በጎን ያመልጣል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑ ጎማ እንዳለውና ጥብቅ ብሎ እንደሚዘጋ በእጅዎ ይፈትሹ። ሲጸዳ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን፣ ካለቀም በኋላ ጥቂት ይቆይ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ከሚጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት ግን በዚህ ሁሉ ምክንያት አይቀነስ።

ሠራተኛ ሰፈር በአሮጌ የጭቃ ቤት እንኖራለን። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ አልቻል አለን። ሂተር እንግዛ፣ የሚያሞቅ ኤሲ፣ ወይስ እንደ ቀድሞው ከሰሉን እናስገባ?

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች የወሩን ብርድ ያውቁታል። ከሰሉን ግን እባካችሁ አታስገቡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ኤሲ አለን ብላችሁም አትተማመኑ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር መላልሶ ያዞራል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም፣ ማጣሪያውም ይህን ጋዝ አይይዝም።

የሚያሞቀው ኤሲ ሙቀትን ከውጭ አየር ሰብስቦ ስለሚያስገባ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ መለስተኛ ብርድ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሂተር የሚሰጠው የወሰደውን ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት ብርድ አልመክራችሁም። የጭቃ ግድግዳችሁ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ የሚሰጥ መልካም ግድግዳ ነው፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በቆርቆሮው በኩል፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነው። አስቀድማችሁ ኮርኒሱን አድሱ፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ድፈኑ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ዝጉ። ከዚያ በኋላም ከበረዳችሁ ቴርሞስታት ያለውና ሲወድቅ በራሱ የሚጠፋ ሂተር ግዙ። ባለ 2000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በአሮጌ ሽቦ ላይ ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ሰዓት አይሠራ፣ ማራዘሚያ ገመድ ላይም አይሰካ።